ለሶማሌ ተራው የቱርቦ ባለሙያ ምስጋና፣ የናፍጣ መኪና ላላችሁ ጥቆማ

«ቱርቦህ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» የተባላችሁ ሁሉ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያሉትን ባለሙያ አሳዩ። እጃቸው ይባረክ! (ቱርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ ነው።)

ወደሳቸው የሄደው መኪና ባለ ኮመን ሬል (ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቧንቧ የሚያከፋፍል) የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ጠዋት ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። ቀድሞ ያዩት ጋራዦች ሥራቸው ቱርቦ ፈትቶ ቱርቦ መግጠም ብቻ ነበር። የተገጠመውም ብዙ ሳይቆይ ማፏጨት ሲጀምር «ዕቃው ነው» አሉ። ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) እንኳ ከፍተው ያላዩ ሰዎች!

እኚህ ሰው ግን ቱርቦውን ሳይነኩ «ዘይት ይደርሰዋል ወይ?» ብለው ጀመሩ። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው፣ ያ ሲቋረጥ ወዲያው ይፋጫል። ኮፓው ሲወርድ የዘይት መሳቢያው ወንፊት በካርቦን ተደፍኗል። ጥፋቱ ናፍጣ ከሚረጩት ኢንጄክተሮች ሥር ያሉት የመዳብ ዋሸሮች ነው፤ የሚቃጠለው ጋዝ በነሱ ሾልኮ ዘይቱን ያጠቁረዋል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ የተገጠመ አዲስ ቱርቦ የመጀመሪያውን መንገድ ይከተላል።

ዋሸሮቹን ቀየሩ፣ ወንፊቱን አጠቡ፣ ዘይትና ፊልትሮ ለወጡ፣ ወደ ቱርቦ የሚገባውን ቀጭን የዘይት ቱቦ በአዲስ ተኩ። ኢንተርኩለር (የተጨመቀው አየር ማቀዝቀዣ) ውስጥ የተጠራቀመውንም ዘይት አጸዱ፤ እሱ ከቀረ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ ስቦ ቁልፍ ተዘግቶም አልጠፋም ሊል ይችላል። የዘይት መግቢያው ላይ ሲሊኮን አያስነኩም፤ ቁራጩ ገብቶ መስመሩን ስለሚዘጋ ጋስኬት ብቻ። ከዚያ ቱርቦውን በንጹህ ዘይት ሞልተው፣ ሞተሩ ሳይነሳ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙረው፣ ዘይት በመመለሻው ሲወርድ ካዩ በኋላ ነው አስነስተው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ያቆዩት።

ደግሞ ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የቱርቦው ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የተሰነጠቀች አንዲት ማኒኮት (የአየር ጎማ ቱቦ) ቱርቦው የጨመቀውን አየር ካፈሰሰች ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚዳስሱት እሷን ነው፣ ያገኙት ቀዳዳ ከሆነም ቱርቦ አይሸጡላችሁም። ይህን የሚያደርግ ስንት ሰው አለ?

አድራሻ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መኪናውን ማታ አስገብታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ የሚወጣውን ጭስ ራሳቸው ማየት ይፈልጋሉ።