የቧንቧ ጥርስ የምታስወጡ፣ እኚህን ሰው ልጠቁማችሁ

ሰላም ጎረቤቶች። ይሄ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ቤት እየሠራችሁ ወይም የቆየ የውሃ መስመር እያሳደሳችሁ ከሆነ፣ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ በሥርዓቱ ቆርጦ ጥርስ (መጋጠሚያው ተሽከርክሮ የሚገባበትን ጠመዝማዛ መስመር) የሚያወጣ ሰው ማግኘት ምን ያህል እንደሚያደክም ታውቁታላችሁ። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ስትሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ጠባብ ወርክሾፕ አለ። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ስማቸው ፌስቡክ ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጽፈውም። ምስጋናውን ግን ማን ይከለክለኛል!

ከሮቶው ወደ ታች የሚወርደው መስመራችን በየመገጣጠሚያው ያንጠባጥብ ነበር። መጀመሪያ የሠራልን ሰው ቴፍሎን፣ ያንን ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመውን ነጭ ቴፕ፣ ደራርቦበት ሄዷል፣ ግድግዳው ሻገተ፣ እሱ ደግሞ ስልክ ማንሳት ተወ። ጋሼ አንዱን ቁራጭ ተቀብለው ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "ይሄ ዘይት ሳይጠጣ ነው የወጣው" አሉኝ። እውነትም ጥርሱ የተቦጫጨቀ ነበር። ከዚያ የቧንቧውን አፍ ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ። ሲቆረጥ ወደ ውስጥ የታጠፈው ስለት እንዳለ ቀርቷል፣ የጠረገው የለም። የውሃው መንገድ ራሱ ጠቧል ማለት ነው።

ሥራቸው ንጹህ ነው፣ ያስገጠምኩት መስመር እስካሁን ጠብ አላለም። ከሥራው በላይ የገረመኝ ግን ማሽኑ ላይ ያላቸው ጥንቃቄ ነው። እኔ እንደማየው ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ለጣቱ የማይቸኩል ሰው ለጥርሱም አይቸኩልም።

ጥርስ የሚያወጣው ማሽን ቧንቧውን ይዞ ነው የሚያዞረው፣ ቆም ብሎ ለሚያየው ሰው ቀርፋፋ ነው። ይሄ በየወርክሾፑ የምታዩት ከግማሽ እስከ ሁለት ኢንች የሚሠራው ዓይነት በደቂቃ 40 ዙር እንኳን የማይሞላ ብዙ ነው። ሰው የሚንቀውም ለዚህ ነው። ግን ብረት የሚቀርጽ ጉልበት እኮ ነው ያለው፣ እጅጌ ከያዘ ሰውየውን ጠቅልሎ ነው የሚዞረው። እኔ በቆምኩበት አንዱ ረዳት ጓንት እንዳደረገ ወደ ማሽኑ ሲጠጋ ጋሼ ዝም ብለው እግራቸውን ከፔዳሉ አነሱ። ማሽኑ ቆመ። ልጁ ገብቶት ጓንቱን አወለቀ፣ የቱታውን እጅጌ ቁልፍ ቆለፈ፣ ያንገቱንም መታወቂያ ወደ ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ ሥራው ቀጠለ። አንድም ቁጣ የለም። ጓንት መከላከያ አይደለም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ የሚዞር ነገር ላይ ጓንት ጣትን ይዞ ይገባል፣ ማሽኑ ሲቆም ስለታሙን ብረት ለማንሳት አድርገው አሉኝ። የብረቱን ፍቅፋቂም ቢሆን በእጅ አይነኩትም፣ ማሽኑ ከቆመ በኋላ በብሩሽ ነው። የሚዞር ቧንቧ በጨርቅ መጥረግማ ጭራሽ አይታሰብም።

የእግር ፔዳሉን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል። እግር ሲነሳ ማሽኑ እንዲቆም ነው የተሠራው። ድንጋይ ጭነውበት ወይም ነቅለው ጥለውት ሽቦውን በቀጥታ አገናኝተው የሚሠሩ ቤቶች አይቻለሁ። መብራት እንዴት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ሄደ ሲባል ይመጣል። ፔዳል በሌለው ማሽን ላይ መብራት ሲጠፋ እጁን አስገብቶ ቧንቧ የሚያስተካክል ሰው መብራቱ ድንገት ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጋሼ ጋ መብራት ከጠፋ ማብሪያ ማጥፊያው ይጠፋል፣ ሶኬቱም ይነቀላል። ሌላው ወሬ ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ የቸኮለ ደንበኛ ደግሞ "ኤልቦውን እዛው ማሽኑ ላይ ያጥብቁልኝ" ሲላቸው (ኤልቦ መስመሩን የሚያጥፈው መጋጠሚያ ነው) እንቢ አሉ። ማሽኑ እየዞረ በመፍቻ ማጥበቅ ብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ነው፣ ግን መፍቻው ካመለጠ ወይም ከተያዘ እጅ የሚሰብር ዱላ ይሆናል። ቧንቧውን ሞርሳ (ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አስረው በእጃቸው አጠበቁለት። ሰውየው ሲያጉረመርም የሰሙም አልመሰሉም።

ባለ 6 ሜትሩ ቧንቧ ሲገባ ጅራቱ ሁልጊዜ መደገፊያ ላይ ነው፣ ጫፉ ላይም ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፣ ምክንያቱም ያልተደገፈ ረጅም ቧንቧ ሲዞር መወናጨፍ ይጀምራል፣ ማሽኑንም ሊገለብጠው ይችላል። ወርክሾፑ ጠባብ ስለሆነ ጅራቱ ደጅ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ አንዱ ልጅ እዚያ ቆሞ መንገደኛ ያስጠነቅቃል። ይሄን የሚያደርግ ሌላ ቤት አላየሁም።

ስለ ጥርሱም አንድ ነገር ልጨምር። የቧንቧ ጥርስ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ወደ ጫፉ በየ16 ሚሊሜትሩ ዲያሜትሩ 1 ሚሊሜትር ይቀንሳል። መጋጠሚያው በእጅ ጥቂት ዙር ገብቶ ራሱ መጥበቅ አለበት፣ የቀረውን መፍቻ ይጨርሳል። እስከ መጨረሻው በእጅ እየተንሸራተተ ከገባ ቴፍሎን አያድነውም። ጋሼ እያንዳንዱን ጫፍ በመጋጠሚያ ለክተው ነው የሚሰጡት። ዘመድ ከአሜሪካ ቧንቧ ወይም ቫልቭ ላመጣላችሁ ደግሞ፣ የዚያ አገር ጥርስ እኛ ጋ ከለመድነው የእንግሊዝ ዓይነት ይለያል። ግማሽ ኢንቹ ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው የሚገጥም ይመስላል፣ ግን የአሜሪካው ማዕዘን 60 ዲግሪ፣ የእንግሊዙ 55 ነው። ያንጠባጥባል። ይዛችሁላቸው ሂዱና ይዩት።

እንከን የለም አልልም። ዋጋቸው ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቅዳሜ ወረፋው ያሰለቻል፣ "ቶሎ በሉልኝ" ብትሉም የሚሰማችሁ የለም። ልኬታችሁን በወረቀት ጽፋችሁ፣ መጋጠሚያዎቹንም ይዛችሁ ብትሄዱ ሥራው ይፈጥናል። ነጠላ ወይም ሻርፕ ካደረጋችሁ ማሽኑ እንዳይዘው ራቅ ብላችሁ ቁሙ ይሏችኋል፣ አትቀየሟቸው።

ጋሼ፣ እርስዎም ልጆቹም እግዜር ይስጥልኝ፣ እጃችሁ ይባረክ። ቦታው የጠፋበት ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ አቅጣጫውን እልካለሁ። እሁድ ዝግ ነው።