ጥፋቱ የእጄ አልነበረም፦ ዘጠኝ ወር ከአየር ፎርክ ጋር

ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን እጅ ሳማ ነበር።

ከጅማው ጅሬን ቁልቁል በሳይክል ስወርድ መዳፌ ይደነዝዛል። ጣቶቼ ፍሬን ላይ መቆየት ያቅታቸዋል። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በታች፣ በባሕር ዛፍና በቡና ማሳ መሃል የሚወርደውን የእግር መንገድ ሁለት ጊዜ ቆሜ፣ እጄን አራግፌ ነበር የምጨርሰው። አብረውኝ የሚነዱት ልጆች ግን ምንም አይሉም። ጉልበት የለኝም ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩት። ጠዋት ጠዋት ፑሽ አፕ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

እውነቱን ያወቅኩት በአንዲት የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያስሩባት ቀጭኗ። ፎርክ ማለት የሳይክሉን የፊት ጎማ የያዘው ባለ ሁለት እግር ሹካ ነው፤ ድንጋይ ሲመታው እየሰመጠ ንዝረቱን ይውጣል። እሱ ላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ ቱቦ፣ ልክ ከላስቲክ መዝጊያው በላይ አሰርኩባት። ፎርኩ ሲሰምጥ ማሰሪያዋን ወደ ላይ ይገፋታል። ሲመለስ እሷ እዚያው ትቀራለች። ከጅሬን ወርጄ ለካሁት፤ 30 ሚሊ ሜትር። ፎርኩ የተሸጠልኝ ግን 100 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል ተብሎ ነው። ሰባው የት ገባ?

ፎርኩ ባለ ሞላ ነበር። የብረት ሞላ ጥንካሬው አንድ ነው። የእኔው ደግሞ ከእኔ በጣም ከበድ ለሚል ሰው የተሠራ ነው። እኔ 54 ኪሎ ነኝ። አናቱ ላይ ያለችውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ባላላትም ለውጥ የለም፤ እሷ ሞላውን መነሻው ላይ ትጫነዋለች እንጂ ጥንካሬውን አትለውጥም። በለስላሳ ሞላ መቀየር የሚቻልባቸው ፎርኮች አሉ። ለእኔው ግን የሚሆን ሞላ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋዩንና የዛፉን ሥር የተሸከመው የእኔ ክንድ ነው።

ጥር ላይ በአየር የሚሠራ ፎርክ ገዛሁ፤ ጥንካሬው በሚሞላው አየር ልክ የሚስተካከል። ሮክሾክስ ጁዲ ሲልቨር ነው፤ 100 ሚሊ ሜትር የሚሰምጠው። መጀመሪያ የጠየቅኩት ሻጭ ግን ሊያስቀረኝ ያልሞከረው ነገር የለም። «እህቴ፣ አየር ለዚህ አገር አይሆንም። ይወጣብሻል። ጅማ ላይ ማን ይሞላልሻል?»

እኔ ነኛ የምሞላው! ዛሬ ባገኘው የምለው ይኼን ነው። የሚያስፈልገው ለፎርክና ለሾክ ብቻ የተሠራች ትንሽ የእጅ ፓምፕ ናት። ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ከፎርኩ ጋር አብራ መገዛት አለባት፤ ያለ እሷ አትግዙ። ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አስሞላለሁ እንዳትሉ ደግሞ። የፎርኩ የአየር ክፍል በጣም ጠባብ ስለሆነ በአንድ ግፊት ከልክ በላይ ይሞላል። በዘጠኝ ወር ውስጥ አየር የጨመርኩት በየሦስት ሳምንቱ ገደማ፣ ያውም ጥቂት ነው። የጎማዬን ካላማዳሪያ የምነፋው ከዚህ ይበዛል።

ልኩን ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ፎርኩ እግር ላይ ከተለጠፈው የክብደት ሰንጠረዥ ተነስቼ በ65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ጀመርኩ። ደረቅ አለብኝ። እየቀነስኩ 58 ላይ ስደርስ፣ ሳይክሏ ላይ ዝም ብዬ ስቀመጥ ፎርኩ 20 ሚሊ ሜትር ዝቅ አለ። ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ለአገር አቋራጭ ሳይክል ደህና መነሻ ነው። ከታች ያለችውን፣ የፎርኩን የመመለስ ፍጥነት የምትወስነውን ቀይ ማዞሪያ ደግሞ አላላኋት፤ አየሩ ሲቀንስ ፎርኩ ሲመለስ ቀስ ይላልና።

ከዚያ ጅሬን ወጣሁ። ወረድኩ። አልቆምኩም። ታች ኮብልስቶኑ ጋ ስደርስ ጣቶቼን ዘረጋጋኋቸው። ሁሉም ይሰማኛል። ማሰሪያዋን አየሁ፤ 83 ሚሊ ሜትር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ ብል ማጋነን አይደለም።

ሻጩ ሌላም ነገር ብሎኝ ነበር። «ረጅሙን፣ የ120ውን ውሰጂ፤ ለመጥፎ መንገድ ነው» ብሎ። የእኔ ፍሬም የተሠራው ለ100 ነው። 20 ሚሊ ሜትር ሲጨመር የሳይክሉ ፊት ከፍ ይላል፣ የመሪው ማዕዘን ወደ አንድ ዲግሪ ገደማ ይተኛል። ዳገት ላይ የፊት ጎማው መንቀዋለል ይጀምራል። ጅማ ደግሞ ዳገት መቼ አጥታ! ከቁመቱ በፊት መለካት ያለበት ግን አንገቱ፣ ማለትም ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው የፎርኩ ቱቦ ነው። የእኔው ከላይ እስከ ታች እኩል ቀጥ ያለ፣ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። አዳዲሶቹ ፎርኮች አብዛኞቹ ታች ሰፋ ይላሉ፤ የጎማ ዘንጋቸውም 15 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔ ጎማ በ9ኙ ነው የሚታሰረው። ይኼን ሳትለኩ ብር አታውጡ። ጁዲ ሲልቨርን የመረጥኩት አንዱ ምክንያት በዚህ ልክ ስለሚገኝ ነው።

ክብደቱም ቀነስ ብሏል። ዳገት ላይ እንዳይሰምጥ የሚያደርገው መቆለፊያውም ይሠራል። እሱ ላይ የምለው የለኝም።

የፈራሁት ክረምቱን ነበር። የጅማን ቀይ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቦዬ በኩል ስመለስ ፎርኩ መልኩ አይታይም። ላቫጆ ግን አላስገባትም። የግፊት ውሃ ጭቃውን ከላስቲክ መዝጊያው አልፎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በባልዲ ውሃ አጥባታለሁ፣ ቱቦዎቹን በንጹሕ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ አለቀ። ሠሪው ድርጅት በየ50 ሰዓቱ የታችኛው እግር ተፈትቶ ዘይቱ ይቀየር ይላል። ሐምሌ ላይ ከሰፈሬ ጠጋኝ ጋር ፈታነው። የመኪና ግራሶ ሊቀባልኝ ሲል እጁን ያዝኩት። የወጣው ዘይት ቡና ይመስል ነበር። ያን ያህል ጭቃ አልፎም ቱቦው ላይ አንድ ጭረት አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ወደ ሰቃ ልሂድባት አለኝ። 82 ኪሎ ነው። ሰንጠረዡን አይቼ ለእሱ ክብደት ሞላሁለት። ማታ ሲመልሳት «ሳይክልሽ ለእኔ የተሠራች ትመስላለች» አለ። እሺ አልኩትና ፓምፗን አውጥቼ ወደ 58 መለስኳት።