ፎርት ሮስ፦ የሩሲያ ቆዳ ነጋዴዎች ምሽግ

ፎርት ሮስ ያለው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ነው። ከኦክላንድ ተነስታችሁ በሃይዌይ 1 ወደ ሰሜን ስትነዱ መንገዱ ጥምዝምዝ ነው። መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ከፊት ይቀመጥ። መግቢያው የሚከፈለው በመኪና ነው። ምግብ ቤት ስለሌለ ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ። እኛ ፍርፍር ይዘን ነበር፤ ነፋሱ ግን አላስበላ አለን።

ምሽጉን በ1812 (በፈረንጆቹ) ያቆመው የሩሲያ አሜሪካ ኩባንያ ሹም ኢቫን ኩስኮቭ ነው። ሩሲያውያኑን እዚህ ድረስ ያመጣቸው ባሕር ውስጥ የሚኖር ጸጉራም አጥቢ እንስሳ፣ የባሕር ኦተር ቆዳ ነው። ይህ እንስሳ እንደ ዓሣ ነባሪ ጮማ የለውም፤ ብርዱን የሚችለው በጸጉሩ ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከመቶ ሺህ በላይ ጸጉር አለው! የቻይና ሀብታሞች ለዚህ ቆዳ የማይከፍሉት አልነበረም።

ታዲያ ሩሲያዊው ነጋዴ ራሱ ብዙም አያድንም። ባሕር የሚወርደው ከአላስካ፣ ከኮዲያክ ደሴት የመጣው አሉቲክ የሚባለው የአገሬው ተወላጅ ነው። ከባሕር አንበሳ ቆዳ በተሰፋች ጠባብ ጀልባ፣ ጦሩን ይዞ። ብዙዎቹ ተገደው እንጂ ወደው አልመጡም። ነጋዴው ቆዳ ይረከባል፣ መዝገብ ይሞላል። አቀማመጡን ልብ በሉ፦ የአለቆቹ ቤት አጥር ውስጥ፣ የአዳኞቹ መንደር ከአጥር ውጭ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። መንደሩ ዛሬ ሣር ብቻ ነው። እኔ ብዙ የቆምኩት እዚያ ነው።

ከጥንቱ የቀረው የምሽጉ የመጨረሻ ሹም የነበረው የሮቼቭ ቤት ብቻ ነው፤ ሌላው እንደገና የተሠራ ነው። ጸሎት ቤቱም በ1970 ተቃጥሎ ዳግም የታነጸ ነው። እናቴ ግን ይህን ብነግራትም ነጠላዋን አጣፍታ በሩን ተሳለመች።

«ቀዳሹ ማን ነበር?» አለችኝ።

«ቋሚ ቄስ አልነበራቸውም እማዬ። በ1836 አንድ ቄስ ከአላስካ መጥተው አጥምቀው፣ አጋብተው ሄደዋል።»

«ውይ፣ ምስኪኖች!»

ኦተሩ ሲመናመን ወደ ስንዴና ከብት ዞሩ። ጉሙ እህሉን አበላሸባቸው። በ1841 በካሊፎርኒያ ሰፊ መሬት ለነበረው ለጆን ሰተር ሸጠው ወጡ።

ከልጆች ጋር ከሄዳችሁ መድፎቹንና ባለ ሰባትና ባለ ስምንት ግድግዳ ማማዎቹን ይወዷቸዋል። ኦተሩን በሕይወት ለማየት ግን ወደ ደቡብ፣ ሞስ ላንዲንግ መውረድ ይሻላል። ጃኬት አትርሱ፣ በበጋም ቢሆን።