በዕጣ መመደብ ወይስ መከታተል?

አንድ መድኃኒት መሥራቱን የምናይበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ቡድን ብቻ መስጠት ነው። ሌላው ማንንም ሳይመድቡ የወሰዱትንና ያልወሰዱትን እየተከታተሉ ማነጻጸር።

እኔ ከተቻለ ዕጣውን እመርጣለሁ። ያረጡ ሴቶች የሚወስዱት ሆርሞን ልብን ይጠብቃል ተብሎ ለዓመታት ታምኖ ነበር። ክትትሉ ያሳየው እንደዚያ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2002 ግን አሜሪካ ውስጥ ከ16,000 በላይ ሴቶች በዕጣ የተመደቡበት ሙከራ ነገሩን ገለበጠው። ጥምር ሆርሞኑ (ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን አንድ ላይ) ልብን አልጠበቀም፤ ጭራሽ የስትሮክና የጡት ካንሰር አደጋን ጨመረ። ለካ ድሮም ሆርሞን የሚወስዱት በአብዛኛው የተሻለ ኑሮና ጤና ያላቸው ሴቶች ነበሩ። ኪኒኑ የእነሱን ምስጋና ወሰደ።

ዕጣ ግን ሁሌ አይሆንም። ማንን ነው "20 ዓመት አጭስ" የምትለው? ሲጋራና የሳንባ ካንሰር መያያዛቸው የታወቀው በማነጻጸርና በመከታተል ነው።

ኢኮኖሚክስም ሁለቱንም ይጠቀማል። የ2019 ኖቤል ድህነትን በዕጣ ሙከራ ላጠኑት ለባነርጂ፣ ለዱፍሎና ለክሬመር ተሰጠ። በ2021 ከተሸለሙት አንዱ ዴቪድ ካርድ ነው። እሱ ከአለን ክሩገር ጋር፣ የደመወዝ ጭማሪ ሥራ ይቀንስ እንደሆነ ለማየት፣ በ1992 ዝቅተኛውን ደመወዝ የጨመረችውን የአሜሪካ ግዛት ኒው ጀርሲን ካልጨመረችው ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ጋር አነጻጸረ። ዕጣ የለም፤ ድንበር ብቻ።