ባሊ ይሻላል ኬረላ? አስጎብኚ ይዛችሁ ለምትሄዱ

መቼ ነው የምትሄዱት? ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት ይሄን መልሱልኝ።

ኬረላ ደቡብ ሕንድ ያለ ክልል ነው። የባሊንም የኬረላንም ጉዞ የሚሸጡ ሰዎች ማስታወቂያቸው አንድ ነው። አረንጓዴ ኮረብታ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ አንድ ፏፏቴ። ፎቶውን ብታቀያይሩት ማንም አይነቃም። ዝናቡ ግን አይመሳሰልም። ባሊ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው፤ ልክ እኛ ጃንጥላ በምንይዝበት ወቅት ማለት ነው። ኬረላ ደግሞ ሰኔ ላይ ዝናቡ ይጀምርና እስከ መስከረም ይዘንባል። ጥቅምትና ኅዳር ላይም ሌላ ዙር አለው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው ሰማዩ ጥርት የሚለው። ስለዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጉ የምትሄዱ ከሆነ ባሊ፣ ለገና ከሆነ ኬረላ። ወራችሁን መቀየር የማትችሉ እዚህ ላይ ማንበብ ብታቆሙም አልቀየማችሁም።

ለሌሎቻችሁ ልቀጥል።

ባሊ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት። አገሩ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ባሊ ላይ ግን ከአሥር ሰው ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው ሂንዱ ነው። ሃይማኖቱም መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ጠዋት ከማረፊያችሁ ስትወጡ ደፉ ላይ መዳፍ የምታክል ከኮኮናት ቅጠል የተሠራች ሳህን ታገኛላችሁ። አበባ፣ ቁንጥር ሩዝ፣ አንዳንዴ ከረሜላ ሳይቀር ይቀመጥባታል፤ ዕጣን ይጨስባታል። ካናንግ ሳሪ ትባላለች። ሱቁም ደጅ፣ መኪናውም ዳሽቦርድ ላይ አለች፤ በየቀኑ አዲስ ትቀመጣለች። እንዳትረግጧት ብቻ።

ቤተ መቅደሶቹም እንግዳ ያስገባሉ። ሳሮንግ አገልድማችሁ፣ ወገባችሁን በመቀነት አስራችሁ ትገባላችሁ። ብዙዎቹ ጋ ውስጠኛው ግቢ ለሚሰግዱት ብቻ ነው። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንዳትገባ የሚልም በር ላይ ተጽፎ ታያላችሁ። ጠበል ቦታ እየሄደ ያደገ ሰው ቲርታ ኤምፑል የሚባለው ቤተ መቅደስ ሲደርስ ግር አይለውም። ከመሬት የሚፈልቀው ውኃ በድንጋይ አፎች ወደ ገንዳ ይወርዳል። ሰው ተሰልፎ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እያለፈ ጭንቅላቱን ያስመታል። ለሙታን ሥርዓት የተለዩ አፎች ስላሉ እነሱ ይዘለላሉ። ይሄን የሚነግራችሁ አስጎብኚ ነው፤ ብቻቸውን የመጡት ግን አንዱንም ሳያስቀሩ ሲታጠቡ ታያላችሁ። ብዙ ፓኬጅ ውስጥ ገንዳው መግባት ተካቶ ይመጣል። የሌላ እምነት ሥርዓት ነውና ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ዳር ቆሞ ማየት ነውር የለውም።

ኬረላ በዚህ በኩል ዝግ ነው። ጉሩቫዩርን የመሰሉ ትልልቅ ቤተ መቅደሶች ሂንዱ ያልሆነ ሰው አያስገቡም። ትሪቫንድረም ያለው ፓድማናባስዋሚም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ቤቱ በተገኘው ወርቅ ዓለም ያወራለት፣ እንደዚያው ነው። ማማውን ከውጭ አይቶ መመለስ ነው። ፕሮግራሙ ላይ «የቤተ መቅደስ ጉብኝት» የሚል ካያችሁ «ከውስጥ ነው ከውጭ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሚክሳችሁ ካታካሊ የሚባለው የኬረላ የጭፈራ ድራማ ነው። ትርዒቱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ተዋናዩ መሬት ላይ ተጋድሞ ፊቱን ሲቀቡት ታያላችሁ። ነጭ ወረቀት ቆርጠው በአገጩ ዙሪያ ይለጥፉለታል። አረንጓዴ ፊት የደግ ጀግና ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ከትርዒቱ ይልቅ ቅቡን ነው የወደድኩት።

ኬረላ ሂንዱ ብቻ የሚኖርበት ክልል አይደለም። ሂንዱው ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ከአራት አንዱ ሙስሊም፣ ከአምስት አንድ የማይሞላው ክርስቲያን ነው። ለእኛ ቅርብ የሚያደርገውም ይሄ ነው። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ጋር በእምነት አንድ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ተካፍላለች። እሁድን ኮታያም ካሳለፋችሁ ቅዳሴ ማስቀደስ ነው። አባቶቻችን የሚያነሷቸው የሕንድ መምህራንም ብዙዎቹ የዚህ ክልል ልጆች ነበሩ።

ኮቺ ደግሞ አንድ ነገር አለላችሁ። አስጎብኚዎቹ ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1524 የተቀበረበትን ቦታ ያሳያሉ፤ አጽሙ በኋላ ወደ ፖርቱጋል ተወስዷል። ልጁ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ምጽዋ ወርዶ፣ በዓመቱ በግራኝ አሕመድ እጅ የሞተው ሰውዬ መሆኑን ግን አይነግሯችሁም። እናንተ ንገሯቸው።

ወደ ተፈጥሮው እንምጣ። ባሊ ላይ በብዛት የሚሸጠው ባቱር ተራራ ላይ የፀሐይ መውጫ ማየት ነው። ብዙ ጎብኚ ከሚያርፍባት ከኡቡድ ከተማ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሷችኋል፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ትወጣላችሁ። ከፍታው 1,717 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ቁጥሩ ያስቃል፤ እግር ሥር የሚንሸራተተው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ግን አያስቅም፣ በተለይ ስትወርዱ። እኔ ብሆን ያን ሌሊት ተኝቼ ጠዋት ጃቲሉዊህ እሄዳለሁ። ገበሬዎቹ ውኃውን በቤተ መቅደስ ሥርዓት የሚከፋፈሉበት ሱባክ የሚባለው ልማድ እ.ኤ.አ. በ2012 ዩኔስኮ የመዘገበው ነው፤ የሩዝ እርከኑ እስከ ዓይናችሁ ማየት ድረስ ይዘረጋል። ተጋላላንግ የሚባለው ሌላው የሩዝ እርከን ይበልጥ ታዋቂ ነው፤ ግን ዥዋዥዌና ወከባ በዝቶበታል።

ኬረላ የተለመደው መንገድ ኮቺ፣ ሙናር፣ ቴካዲ፣ አላፑዛ ነው። ሙናር የሻይ ተራራ ነው፤ ማታ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። ቴካዲ ያለው ፔሪያር ስሙ የነብር ጥብቅ ሥፍራ ቢሆንም ነብር አያለሁ ብሎ መሄድ የዋህነት ነው፤ ዕድል ከቀናችሁ ሐይቁ ዳር ዝሆን ታያላችሁ። ሄል፣ ቁንዶ በርበሬና ቀረፋ ከነዛፋቸው ማየት ግን አይቀርባችሁም። ርቀቱ ካርታ ላይ ያታልላል። ከኮቺ ሙናር 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጠመዝማዛው መንገድ አራት አምስት ሰዓት ይወስዳል። ባሊ ደሴት ስለሆነች ኡቡድ ላይ አርፎ በየቀኑ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ትራፊኩ ቢያማርርም ሻንጣ በየቀኑ አትፈቱም።

የአላፑዛው ጀልባ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ይሸወዳል። ኬቱቫላም ድሮ ሩዝ የሚጭን ጀልባ ነው፤ ሳንቃው ያለ ምስማር በኮኮናት ገመድ የተሰፋ ነው። «አንድ ሙሉ ቀን» ተብሎ ይሸጣል። በተግባር እኩለ ቀን ላይ ትሳፈራላችሁ፤ አመሻሹ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይቆማል፣ ማታ ውኃው የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ነውና። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትወርዳላችሁ። ርካሹ ላይ ኤሲው የሚበራው ማታ ብቻ ነው። ሆኖም ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከማዶ ሴቶች ድስት ሲያጥቡ የሚሰማበት ሰዓት አለ። ለእሱ ስል እንደገና እከፍላለሁ።

ባሊ ላይ ሾፌሩ ራሱ ነው በአብዛኛው የሚያስጎበኛችሁ። ዋጋው ለመኪናው ነው፤ አራት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ይቀላል። የዛሬው ዋያን ተብሎ የነገውም ዋያን ቢሆን አትገረሙ፤ ስም የሚወጣው በአወላለድ ተራ ነው፣ ዋያን የበኩር ልጅ ነው። ኬረላ ሾፌሩ ይነዳል፤ የሚያስረዳ ሰው ለብቻ ይከፈለዋል። የሾፌሩ ማደሪያ ዋጋው ውስጥ መኖሩን አጣሩ።

አንድ ቀን የባሊ ሾፌራችን ሳንጠይቀው «የቡና እርሻ» ወሰደን። በሽቦ ጎጆ ውስጥ የተኮራመተች ጥርኝ፣ አጠገቧ ከኩሷ የተለቀመ ቡና፣ ከዚያ ሂሳብ። ከጥርኝ ዝባድ የሚያወጣ አገር ልጅ፣ ያውም ለቡና! ሾፌሩ ኮሚሽኑን አጣ፣ እኛ አንድ ሰዓት አጣን።

ምግብ ላይ ኬረላ ይቀለናል። በሙዝ ቅጠል የሚቀርበው ሳድያ ሥጋ የለውም፤ እርጎና ቅቤ ግን ስለሚገባበት ጿሚ ይጠይቅ። አፓም የሚባለው ከተቦካ ሩዝ ይጋገራል፤ ዓይን እንኳ አለው። ሐላልም በየደረሳችሁበት አለ። ባሊ ዝነኛው ምግብ የአሳማ ጥብስ ነው፤ ከማዘዛችሁ በፊት «ባቢ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፣ አሳማ ማለት ነው።

አምስት ቀን ያላችሁ፣ መጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ፣ ቤተ መቅደስ ገብታችሁ ማየት የምትፈልጉ ባሊ ሂዱ። ከሳምንት በላይ ካላችሁ፣ በተለይ ዱባይ ወይም ዶሃ የምትኖሩ፣ ኬረላን ምረጡ፤ ኮቺ በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሙምባይ ላይ ቀይራችሁ ትደርሳላችሁ።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ሱቅ ወይም እርሻ ላይ መቆም አለ? መግቢያ ዋጋ ተካቷል? ባሊ ከሆነ የደሴቷን 150,000 ሩፒያ የቱሪስት ክፍያ ማን ይከፍላል? መጋቢት አካባቢ ከሆነ ኔፒ የሚባለው የባሊ የዝምታ ቀን መቼ ነው? በዚያ ቀን አየር ማረፊያው ለ24 ሰዓት ይዘጋል፣ ከግቢ መውጣትም የለም። «አታስቡ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ብቻ ብሎ የሚመልስ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።