ከደብረ ብርሃን የገዛሁት የመኩና ዱቄት

ከአምስት ሁለት ኮከብ። ሁለቱም ለተክሉ ናቸው፤ ለዕቃውና ለሻጩ የተረፈኝ የለም።

አባቴ የ68 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ፓርኪንሰን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ ከያዛቸው አራት ዓመት ሆነ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽሕፈታቸው ከኋላ ወንበር ይነበብ ነበር፤ ዛሬ ሲጽፉ ፊደሎቹ እያነሱ ሄደው መጨረሻቸው ጉንዳን ያህላል። እናም አንድ የቅመማ ቅመም ነጋዴ «ከሕንድ የመጣ፣ መንቀጥቀጥ የሚያቆም» ብሎ የ200 ግራም ብልቃጥ ሲያሳየኝ 1,400 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ጨርሶ አልዋሸኝም። መኩና የባቄላ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ሐኪም በክኒን የሚያዝላቸው ያው ሌቮዶፓ አለ። ጉግንሃይም የተባለ ኬሚስት ሌቮዶፓን ለይቶ ያወጣው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያወጣውም ከባቄላ። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው «ባሶና ወራና ተወልጄ ባቄላ አጥቼ ታመምኩ በይኛ!» ብለው ሳቁ።

በ2004 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በተደረገ ጥናት 30 ግራም የመኩና ዱቄት በ35 ደቂቃ ገደማ ሲሠራ፣ ክኒኑ 69 ደቂቃ ያህል ፈጅቶበታል። ጥሩ ነው፤ ግን የተጠኑት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በኋላ 14 ሕሙማን ለሳምንታት ሲሞክሩት ግማሾቹ አቋርጠዋል፤ ገሚሱ ሆዳቸው እምቢ ብሏቸው፣ ገሚሱ እንቅስቃሴያቸው ብሶባቸው። ክኒኑ ውስጥ ካርቢዶፓ የሚባል አጋዥ አለ፤ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በየመንገዱ ወደ ዶፓሚን (አንጎል እንቅስቃሴን ለመምራት ወደሚጠቀምበት ኬሚካል) ተለውጦ እንዳያቅለሸልሽ ይከላከላል። ዱቄቱ ይህ አጋዥ የለውም።

ብልቃጡ ላይ «በቀን ሁለት ማንኪያ» ተጽፏል። የሻይ ይሁን የሾርባ፣ በአንዱ ማንኪያ ስንት ሚሊግራም ሌቮዶፓ እንዳለ አንድም ቃል የለም። እኔም ሞኝ ሐኪም ሳልጠይቅ ከክኒኑ ጋር ደርቤ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁርሳቸውን መለሱት፤ ከዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ግራ ትከሻቸው በራሱ እስክስታ መታ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ነጠላዋን አንስታ ታክሲ ልትጠራ ሮጠች። ሐኪሙ መድኃኒቱ እንደበዛባቸው ነገረን። ዱቄቱ ማንም ያልቆጠረው ተጨማሪ ክኒን ሆኖ ነበር።

ነጋዴው «የተከፈተ አይመለስም» አለኝ። ብልቃጡ አሁን ከበርበሬው አጠገብ ተቀምጧል። ማንም ወጥ ውስጥ እንዳይጨምረው አባቴ በእጃቸው «ቅመም አይደለም» ብለው ጽፈውበታል፤ «አይደለም» የምትለውን ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል።