የልደታ ማመልከቻ ጸሐፊዎች፦ ድርጅቱ ታግዶ ደመወዝ ለቀረበት ሠራተኛ ምን ያህል ይጠቅማሉ?

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራቸው ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱን ነጥለን አንመዝንም። የምንመዝነው አገልግሎቱን ነው፤ ያውም ለአንድ ዓይነት ደንበኛ፣ ባለቤቶቹ በማጭበርበር ተጠርጥረው የድርጅቱ ሂሳብ ስለታገደ ደመወዝ ለቀረበት ሠራተኛ። ለቅርጽ ከ5 አራት፣ ለይዘት ሁለት።

ቅርጹን ጠንቅቀው ያውቁታል። የተከራካሪዎች አድራሻ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 223 የሚቀርበው የማስረጃ ዝርዝር፣ መጨረሻ ላይ «እውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የምትለዋ መስመር፣ ሁሉም ሳትጠይቁ ይገባል። ፍጥነታቸውም ደህና ነው።

ችግሩ ይዘቱ ላይ ነው። ሠራተኛው ተናዶ የሚተርከውን ጸሐፊው እንዳለ ይገለብጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ሐሰተኛ ደረሰኝ ማሳተሙ፣ ገንዘብ ማሸሹ ሁለት ገጽ ይሞላል። (ዋጋው በገጽ ነው፤ ታሪኩ ያለ ምክንያት አይረዝምም።) የሥራ ክርክር ችሎት ግን ወንጀሉን አይመረምርም። ዳኛው የሚፈልገው መቼ ተቀጠርክ፣ ደመወዝህ ስንት ነው፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ አልተከፈለህም፣ ውልህስ ተቋርጧል ወይ የሚለውን ነው።

ብዙ ክስ የምታበላሸው ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት። ሂሳብ መታገዱ ብቻውን ውል አያቋርጥም፤ ቢሮው ክፍት ከሆነ ሠራተኛው አሁንም ሠራተኛ ስለሆነ የሚጠይቀው የተጠራቀመ ደመወዙን ነው። ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 24(4) ውሉ ተቋርጧል፤ የሥራ ስንብት ክፍያ ይመጣል። ደመወዝ ስላልተከፈለው ራሱ የሚለቅ ሠራተኛ ደግሞ በአንቀጽ 32 ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበትም መብቱ ያልፋል። ዝም ብሎ የጠፋ ሰው «ከሥራ ቀርቷል» ተብሎ ይከራከሩታል። ጸሐፊዎቹ ሦስቱን ያደባልቋቸዋል። ኮምፒውተራቸው ላይ ያለው የቆየ ክስ «ከሕግ ውጪ ስለተሰናበትኩ» ስለሚል ስምና ቀን ቀይረው ያትሙታል። የትኛው እንደሆናችሁ ወስናችሁ ግቡ።

ስሌቱንም ለእነሱ አትተዉ። ደመወዙ 12,000 ብር፣ አገልግሎቱ 4 ዓመት፣ ድርጅቱም የተዘጋ ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 12,000 ብር። ለቀሩት 3 ዓመታት ለእያንዳንዳቸው የዚያው ሲሶ፣ 4,000 በ3፣ ሌላ 12,000። ስንብቱ 24,000 ሆነ። ድርጅቱ በመዘጋቱ የሚጨመረው የ60 ቀን ደመወዝ ሌላ 24,000 ነው። ድምሩ 48,000 ብር፤ ያልተከፈለው ደመወዝና ያልተወሰደው የዓመት ፈቃድ ገና ሳይቆጠር። ከክሱ ላይ ቀርታ የምትገኘው ብዙ ጊዜ የ60 ቀኗ ናት። ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ካልተፈጸመም ችሎቱ በአንቀጽ 38 እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምር ይችላል። በዳኝነት ጥያቄው፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንላችሁ በምትዘረዝሩት ውስጥ፣ አስገቡት፤ ያልተጠየቀ አይፈረድም።

«የወንጀሉ ጉዳይ ይለቅና ትከሳላችሁ» የሚል ምክር ከእነዚህ ቤቶችም ከባልደረባም ይሰማል። አትቀበሉት። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል፣ የወንጀል መዝገብ ደግሞ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል። ስለዚህ ቢሮው በር ላይ የተለጠፈች «እግዱ ሲነሳ የሦስት ወሩን ደመወዝ እንከፍላለን» የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት ማስታወቂያ ከምስክር ትበልጣለች። ሳትቀደድ ፎቶ አንሷት።

የቅጥር ውል፣ መታወቂያና ደመወዝ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት ያዙ። ተከሳሹን በሰሌዳው ላይ ባለው ስም ሳይሆን በንግድ ምዝገባው ስም፣ ከነኃ/የተ/የግ/ማኅበሩ አስጽፉ። ጸሐፊው የነገራችሁትን ስም ይጽፋል እንጂ አያጣራም፤ በሰሌዳ ስም የተገኘ ፍርድ አፈጻጸም ላይ «ይህ ድርጅት እኛ አይደለንም» ይባልበታል።

ስለ ጡረታ አብዛኞቹ አይጠይቋችሁም። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ መግባት አለበት። ፔይሮሉ ላይ «ጡረታ» የሚል ዓምድ መኖሩ ገንዘቡ ገብቷል ማለት አይደለም። ሰነድ የሚያጭበረብር ድርጅት ቆርጦ ሊያስቀረው ስለሚችል በጡረታ ቁጥራችሁ የትኞቹ ወራት እንደገቡ ጠይቁ፤ የጎደሉትን በወር ዘርዝሩ።

የድርጅቱን አክሲዮን የገዛችሁ ካላችሁ ከደመወዝ ክሱ ጋር አታዳብሉት። የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ቅድሚያ ሲኖረው ባለአክሲዮን የመጨረሻው ተረኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤንሮን የተባለው የኃይል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲከስር ብዙ ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባቸውን ያጡት በራሱ በኤንሮን አክሲዮን ስላስቀመጡት ነው።

በሥራ ክርክር ከሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። «ለመዝገብ መክፈቻ» ብሎ የሚደምርባችሁ ቤት ካለ ውጡ። ከመክፈላችሁ በፊት የዳኝነት ጥያቄውን ቁጥር በቁጥር አንብቡ፣ ፋይሉንም በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ተቀበሉ፤ ክስ አሻሽሉ ብትባሉ ለዚያው ጽሑፍ እንደገና እንዳትከፍሉ።